ተቆጣጣሪው በመጣ ቀን

ኦብሴ ዋቅጅራ የሞተችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ለቡ ውስጥ በምትሠራበት የግል ክሊኒክ፣ አንሶላ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ፋሲካ ሲያልፍ ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለማውራት ምላስ ይከብዳል። ዝም ሲባል ደግሞ ሌላው እንደፈለገ ያወራዋል፤ ጀምረውም ነበር።

ኢንስፔክተር ገላኔ ስትደርስ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኢያቄም በር ላይ ጠበቃት።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አላት፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ። «ሳታገባ አረገዘች። አፈረች መሰለኝ፤ ልጅነት ነው።»

ገላኔ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የምትል ሴት ናት፤ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው ደግሞ አይጥማትም። ገብታ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ኦብሴ የአንሶላ ክምር ተደግፋ የተኛች ትመስላለች። የሥራ ጋውኗን አልለበሰችም። ጎኗ ላይ ሲሪንጅና አንገቱ የተሰበረ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ወድቀዋል። ፊቷና ጥፍሮቿ ፍም መስለዋል። ገላኔ ሁለቱንም ክንዶቿን ገልጣ አየች፤ ወለሉን በእጇ ዳበሰች፤ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ አነሳች። ወደ ጓሮ የሚያይ፣ ወንፊት ሽቦ ብቻ ያለው ትንሽ መስኮት ሥር ግድግዳው ጥላሸት ጠጥቷል። የበሩ መቀርቀሪያ ያለው በውጭ በኩል ነው።

ግቢው ውስጥ የኦብሴ አባት ኦቦ ዋቅጅራ ብሎኬት ላይ ተቀምጠዋል። ለቡ ሕንፃ ሳይበቅልበት በፊት ጤፍ ያበቀሉበት ገበሬ ናቸው።

«ልጄ» አሏት፣ «ራሷን ገደለች ይሉኛል። ነገ ነው ቀብሯ። ለንስሐ አባታችን ምን ብዬ ልንገራቸው? ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። እንደ ውሻ ልቅበራት?»

«አባባ፣ ማርገዟን ያውቁ ነበር?»

«ራሷ ነግራናለች። እናቷ ተቆጣች፤ ወዲያው ደግሞ የሕፃን ልብስ መግዛት ጀመረች። እኔማ ምን እላለሁ፣ ደስ ነው ያለኝ።»

«ከቀብሩ በፊት እውነቱን እነግርዎታለሁ» አለች ገላኔ። ብላም ደነገጠች፤ ቃል መግባት ልማዷ አልነበረም።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው የነርሶች ኃላፊዋ ሲስተር ተሾመች ናት። ገላኔ እሷን ጠየቀች።

«አንሶላ ልወስድ ብገባ… ጮህኩ። አቶ ኢያቄም መጣና ፖሊስ ጥሪ ብሎ ላከኝ።»

«እሱስ?»

«እሷ ጋ ቀረ።»

«ኦብሴ ሥራዋ ምን ነበር?»

«ኤክስሬይ ታነሳለች።»

«ነፍሰ ጡር ሆና?»

ተሾመች አንገቷን ደፋች። «ካርድ ክፍል ቀይሩኝ ብላ ለምና ነበር። ‹ሌላ ቦታ የለም፣ ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው› አላት አቶ ኢያቄም።»

ገላኔ ቀጥላ የክሊኒኩን ቴክኒሻን ቦናን አስጠራች። የኦብሴ እጮኛ እሱ ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ጠዋት አቶ ኢያቄም ‹እረፍት ሰጥቻታለሁ› አለኝ። እኔ ቤቷ የገባች መስሎኝ…»

«ለምን ዛሬ እረፍት?»

«የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ይመጣ ነበር። እሱ ሲመጣ ሕግ የማይፈቅድለት ሠራተኛ ሁሉ ይሰወራል። የቅጥር ውል የሌላቸውን ጋውን አስወልቀው አንሶላ ክፍል ያስገቧቸዋል። ጸሎት ቤት ነው የምንለው፤ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። እሷን ግን እዚያ ያስገባሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ተቆጣጣሪው እያለ ጠፋ፤ ጄኔሬተር አስነሳሁ። ጭሱ እንግዳውን እንዳይረብሽ ተብሎ ጠዋት ከፊት ወደ ጓሮ አዙሬው ነበር።»

«ጄኔሬተሩ ምን ምን ይችላል?»

«አምፖልና የመድኃኒት ፍሪጅ። ሌላው ይከብደዋል፤ የልብስ ማጠቢያ እንኳ አይችልም።»

ገላኔ ሌላ አልጠየቀችውም።

ተቆጣጣሪው አቶ ዲንሳ በስልክ ሲገኝ የሚያስታውሰው ብዙ አልነበረም። «ኤክስሬይ የምታነሳዋን ጠይቄ እረፍት ላይ ናት ተባልኩ። አዎ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ከጓሮ በኩል ዱብ ዱብ የሚል ነገር ነበር። ምንድን ነው ስለው፣ አቶ ኢያቄም የልብስ ማጠቢያው ነው አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ገላኔ ታካሚ በሚጠብቅበት አዳራሽ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ዋቅጅራ ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ቦና ከጎናቸው። ተሾመችና ኢያቄም ተራርቀዋል። ዲንሳ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ከብልቃጡ ልጀምር» አለች። «የሰበረው ሰው አንገቱን የሆነ ቦታ ይጥለዋል። ክፍሉ ውስጥ የለም። ያገኘሁት ቁስል ማሸጊያ ክፍል፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ኦብሴ ደግሞ ክንዷ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የላትም። ብልቃጡን ያመጣው ሰው ከጎኗ አስቀመጠው፤ ሬሳ መንካት ግን ፈራ። ሲስተር ተሾመች ስትላክ እሷ ጋ ብቻውን የቀረው አቶ ኢያቄም ነው።»

«ስም ማጥፋት ነው» አለ ኢያቄም።

«የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ጠዋት ደውሎልኛል። ደሟ ውስጥ የተገኘው የሞተር ጭስ መርዝ ነው። ፊቷ የቀላው፣ ግድግዳው የጠቆረው ለዚህ ነው። ጋውኗን አስወልቃችሁ ደበቃችኋት። በሩን ማን ቀረቀረው?»

ተሾመች ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ። አቶ ኢያቄም እንዳትታይ ቀርቅሪው አለኝ፤ ቀረቀርኩት። ስታንኳኳ ልከፍትላት ተነሳሁ፤ በዓይኑ ከለከለኝ፤ ተቀመጥኩ። እንጀራዬን ፈራሁ።»

«አቶ ዲንሳ የሰማው ማጠቢያ አልነበረም» አለች ገላኔ። «መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ማጠቢያ አይችልም። አቶ ኢያቄም፣ ምን እንደሆነ አውቀህ ነው የዋሸኸው።»

ኢያቄም ላቡን ጠረገ። «ኤክስሬይ የሚጠብቅ ታካሚ ነበር፤ ሰውዬው ቶሎ ይሄዳል ብዬ ነው። እሷን ቢያይ ክሊኒኩን ያሽጉብን ነበር። እዚህ ስንት ሰው እንጀራ ይበላል።»

«ሕጉ የሚለው ከጨረር አውጥታችሁ ሌላ ሥራ ላይ አስቀምጧት ነው። ካርድ ክፍል አንድ ወንበር ጠፋ?» አለች ገላኔ።

ዲንሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሄጄ ማየት ነበረብኝ» አለ። ማንም አላጽናናውም።

ኦቦ ዋቅጅራ ቀስ ብለው ተነሡ። «አንኳኳች ነው ያልሽው?»

«አዎ አባባ።»

«መውጣት ፈልጋ ነበር ማለት ነው። መኖር ፈልጋ።»

«አዎ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከሞተች ወዲህ ያኔ ነው ያለቀሱት።

ገላኔ እዚህ ላይ ልትጨርስ ነበር። አንዲት ነገር ሆን ብላ ዘላለች፤ ግን ቦና ቴክኒሻን ነው፣ ነገሩን ራሱ ገጣጠመው።

«ጄኔሬተሩን ጓሮ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ያስነሳሁትም እኔ። ለዚያ ነው ያልሰማኋት፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። ከግድግዳው ወዲያ እሷ…»

«አላወቅክም» አለች ገላኔ።

«እሷ ግን አወቀች። ጄኔሬተር የማስነሳው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቃለች።»

ፖሊሶቹ ኢያቄምንና ተሾመችን ይዘው ወጡ። ኦቦ ዋቅጅራ ለንስሐ አባታቸው ደውለው «ልጄን ገድለዋት ነው፤ ፍትሐቱ ይደረግላት» አሉ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደተጣጠፈው ልጅ ተመልሰው ክንዱን ያዙ።

«ተነስ» አሉት። «እኔ አርጅቻለሁ። ሳጥኗን ከፊት የሚይዝልኝ ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም።»

ሽማግሌው ደግፈው አቆሙትና ተያይዘው ወጡ።