ስድስት ሺህ ካፖርት

ዝሆን የታጠፈውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ከኋላው አዲስ ጫማ ያደረገ ሰውዬ የአዝራር ሳጥን ያገላብጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲከተለው የሰነበተው ያው ጫማ ነው።

ዝሆን አላየውም።

ማለት አይቶታል፤ ግን አላየውም።

«ጨርቁን ብል በልቶታል። ይቀየርልኝ።»

«የቱ ጋ?» አለ ጨርቅ ነጋዴው።

«ጠርዙ ላይ።»

የጨርቅ ነጋዴው የምስጢር ስም አክስት ነው። ጢሙ መጥረጊያ የሚያህል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያለቅስ አክስት። ዝሆን ደግሞ ነፋስ ሲነሣ ምሰሶ የሚያቅፍ ከሲታ ነው። ስም ያወጣላቸው አገር ቤት ያለው አለቃቸው ነው። ቀልድ ሲወድ ለጉድ ነው።

ባለ ጫማው ወጣ። አክስት ጠርዙን ተርትሮ ውስጡ የተሰፋችውን ብጣሽ ወረቀት አነበበና ፊቱ ተኮማተረ።

«ደግሞ ካፖርት!»

«ስድስት ሺህ ጋሼ። ወፍራም፣ ባለ ቆብ። በሃያ ቀን ይድረስ ተብሏል። የተራራ ጦራችንን እናፈርሳለን ያሉ ሰዎች ካፖርቱን ለማን ሊያለብሱ ነው?»

«የታዘዘበት ወረቀት አለ?»

«በቃል ነው የታዘዘው።»

«እንግዲያው ተወው። ከላይ የሚፈልጉት ማኅተም ያለው ሰነድ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ የምሰፋው! በእነዚህ እጆቼ!»

«አንተ ስፋ። ስትራቴጂውን ለሚያውቁት ተው። ደግሞስ ጦሩ ይፈርሳል የሚለውን ሰነድ ያመጣኸው ራስህ አይደለህም?»

ዝሆን ጨርቁን አጠፈ። እሱ ነበር ያመጣው። በጎረቤት አገር ጦር ስፌት ቤት አራት ዓመት በልብስ ሰፊነት ሲሰልል፣ ትልቁ አደኑ ያ ወረቀት ነበር። ከሦስት ወር በፊት አክስት «ሰኞ የሚመጣውን የጄኔራሉን ሱሪ ኪስ ፈትሽ» አለው። ፈተሸ። «የጦር ኃይሉ ማሻሻያ ዕቅድ» የሚል ባለ ማኅተም ሰነድ ወጣ። የተራራው ጦር ይፈርሳል፣ ትንሽና ፈጣን ጦር ሜዳ ላይ ይደራጃል ይላል።

አገር ቤት ያለው ምክር ቤት ይህን ሲያነብ በቅናት ተቃጠለ። ጎረቤት ሲዘምን እኛ ቆመን እንቅር? ተባለ። ከዐሥር ቀን በኋላ ተሰብስበው የራሳቸውን የተራራ ብርጌድ ሊያፈርሱ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን የተራራ መተላለፊያ የሚጠብቀው ብርጌድ ግማሹ ይበተናል፣ ግማሹ እስኪዛወር ባዶ ምሽግ ይጠብቃል።

ከሚጠብቁት አንዱ የዝሆን ታናሽ ወንድም ነው። ሃምሳ አለቃ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አብልቶ ያሳደገው ዝሆን ነው።

በማግስቱ ጄኔራሉ ለልክ መጣ። አርባ ስፌት መኪና ባንዴ ጸጥ አለ። ቦርጩ ከበሩ ቀድሞ ገባ፤ ጄኔራሉ ትንሽ ቆይቶ ደረሰ። ዝሆን ሜትሩን ይዞ ዙሪያውን ሲጨርስ መንገደኛ ሆኖ ነበር።

«ብብቱን ሰፋ አድርገው» አለ ጄኔራሉ። «ሽቅብ ሲወጡ ክንድ ይይዛል።»

«ሜዳ ይወርዳሉ ሲባል ሰምቼ፣ ሳሳ ላድርገው ብዬ ነበር።»

«የምን ሜዳ! የማን ወሬ ነው? ካፖርቱን አድርስልኝ እንጂ ከመተላለፊያው ማዶ ቁርስ እንበላለን።»

የስፌት ቤቱ ኃላፊ ሳቀ። ዝሆንም ሳቀ።

«ደግሞ ያንን ግራጫ ሱሪዬን መልሱልኝ» አለ ጄኔራሉ። «ሳልልከው ነው የመጣው። ደኅንነቶቹ ከቁም ሳጥኔ ወሰዱት። ለምን ብል ምስጢር ነው አሉኝ። ሚስቴ የት አውልቀህ መጣህ እያለች ሦስት ወር በላችኝ።»

ዝሆን የለካውን ወገብ እንደገና ለካ።

ደኅንነቶቹ ናቸው የላኩት።

አክስት ኪሱን ፈትሽ ብሎታል።

አክስት ከየት አወቀ?

ባለ አዲስ ጫማውም ለምን እንደማይዘው አሁን ገባው። የሐሰት ወረቀት የምታደርስላቸውን ወፍ እንዳያጡ እየጠበቋት ነው። ምስጢራቸውን አጥብቀው ከመያዛቸው የተነሣ ስፌት ቤቱን ስለ ዝሆን ማስጠንቀቅ ረሱ። ሱሪው የማን ወጥመድ እንደሆነ የሱሪው ባለቤት እንኳ አልተነገረውም።

ዝሆን እውነቱን ይዟል። እውነቱን የሚያምን ግን የለም። በጥርሱ ክር በጠሰ። አራት ዓመት ሙሉ ያየውን፣ የነካውን፣ የሰፋውን ጻፈ፤ የሚመለስለት «ሰነድ አለ?» ብቻ። ብረት ምጣድ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ተቁነጠነጠ።

«ሰነድ ትፈልጋላችሁ?» አለ ለራሱ። «እሰጣችኋለሁ።»

በምሳ ሰዓት ኃላፊው ሲወጣ የኃላፊው ጽሕፈት መኪና ፊት ተቀመጠ። የራሱን ጫማ ተረከዝ ነቅሎ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ አሮጌ ደብዳቤ ላይ የጠቅላይ መምሪያውን ማኅተም እያየ በምላጭ ፈለፈለው። በጄኔራል አነጋገር እንዲህ የሚል ደብዳቤ ጻፈ። የማሻሻያ ዕቅዱ ማታለያ ነው። ስድስት ሺህ ወታደር በመተላለፊያው ይገባል። ሰነዱን ያሾለከልን አክስት የሚባለው ሰው ነው።

የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ሐሰቱ ማኅተሙ ብቻ ነው።

እንዴት ይላክ? መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አክስት ራሱ። በየወሩ ድንበር ተሻግሮ ለአለቃው ሪፖርት ያደርጋል። በዚህ ሳምንት ተራው ነው።

ዝሆን ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ሱፍ ኮት ሰፋ።

«ጋሼ፣ በካፖርቱ ነገር አስቸገርኩዎት። ይቅርታ ይሁንልኝ።»

አክስት ለበሰው። መስታወት ፊት ተሽከረከረ። ጢሙን አስተካከለ።

ቆመ።

እጁን ወደ ጀርባው ሰደደ።

«ምንድን ነው ይሄ? የሚንኮሻኮሽ ነገር አለው።»

በሩ ላይ አዲሱ ጫማ ቆሟል።

«ማጠንከሪያ ነው» አለ ዝሆን። «የጄኔራሎቹ እንደዚሁ ነው። ከከበደዎት ላወጣው እችላለሁ፤ ግን ትከሻዎ ይወድቃል።»

አክስት መስታወቱን አየ። ትከሻውን አየ።

«ተወው» አለ።

ዝሆን የግራ እጅጌውን ቁልፍ የሰፋው በቀይ ክር ነው። አለቃው ሲያሠለጥነው በቀልድ የተስማሙበት ነገር ነበር፤ ቀይ ክር ያለበትን ልብስ ቅደደው። አክስት ያንን አያውቅም። የራሱን ክስ በጀርባው አዝሎ፣ ኮራ ብሎ ድንበር ተሻገረ።

ዝሆን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ በጓሮ መስኮት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስፌት ቤቱ አላየውም።

ምክር ቤቱ አልፈረመም። ብርጌዱ ቦታው ላይ ቆየ። ትእዛዙ በመጣ በሃያ ሦስተኛው ቀን ካፖርቶቹ ተራራውን ወጡ። የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ተመለሱ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ከድንበሩ ርቃ በምትገኝ ከተማ አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ላሳጥር ብላ መጣች። ሦስት የስፌት መኪና ያለው ጠባብ ሱቅ ነው። ዝሆን የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። እዚህ ሁሉም «ቀጭኑ» ይለዋል። አድራሻው ያለው አለቃው ጋ ብቻ ነው።

«ከአለቃህ ነው የመጣሁት» አለች ቀሚሱን እየዘረጋች። «ማኅተሙ ተመርምሯል። የጫማ ጎማ ነው።»

«ጦርነቱስ? እንዳልኩት አልመጣም?»

«መጥቷል። ሰነዱ ግን ሐሰተኛ ነው።»

«አክስትስ?»

«ተይዞ አምኗል። ቢሆንም ሰነዱ ሐሰተኛ ነው። ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ በሐሰት ወረቀት ወሰነ ከሚባል፣ አንተ አታላይ ብትባል ይቀላል። እነሱ አርቆ በማሰብ ተሸልመዋል። ፋይልህ ተዘግቷል። አገር ቤት እንዳትመጣ።»

«አለቃዬ ዝም አለ?»

«ጡረታ አወጡት።»

ዝሆን መቀሱን አነሣ፣ አስቀመጠ። የሚቆርጠው ነገር አልነበረም።

«ቤተሰቤስ?»

ሴትዮዋ የቀሚሱን ጠርዝ አጣጠፈች። «ደብዳቤ ደርሷቸዋል። መንግሥትን በሐሰት ሰነድ ያታለለ ይላል። ታናሽ ወንድምህ ፎቶህን ከግድግዳ አውርዷል። ስምህ ሲነሣ ይተፋል።»

ዝሆን ቀና አለ።

«ይተፋል?»

«አዎ። አዝናለሁ።»

«አየሽው? በዓይንሽ? ሲተፋ?»

«አየሁት እንጂ። እግሬ ሥር ነው የተፋው።»

«በደንብ ነው የሚተፋው? ሩቅ ይሄድለታል?»

«ሰውዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«የሚተፋ በሕይወት አለ ማለት ነዋ!» ዝሆን መሳቅ ጀመረ። ሳቁ መሀል ላይ ዓይኑ ሞላ። ቀሚሱን ጎትቶ መርፌው ሥር አስገባው።

«ስንት ጣት ላሳጥርልሽ?» አላት።