የሽምብራው መሐላ

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. የካቲት ፲፯ ቀን፣ በቅበላ እሑድ፣ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው በዋንዛ ሚካኤል አጥቢያ አንድ ቀይ በሬ ታረደ። ለጾም መግቢያ በሬ መታረዱ ለአገሩ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ይህኛው ግን የመሐላ በሬ ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች እየመጡ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ የማይሰጋ ባላገር አልነበረም፤ ስለዚህ አጥቢያው አቤቱታውን በሁለት ሽማግሌዎች እጅ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊልክ፣ የሚሄዱበትንም ቀንና መንገድ ላያወጣ፣ ከአንድ በሬ ሥጋ እየቆረጠ ተማማለ።

ነገሩን ያቀዱት የአጥቢያው ጭቃ ሹም ግራዝማች ገብረሰንበት ወልደ ዮሐንስ ነበሩ፤ በሬውም የእርሳቸው ነበር። ከሥጋው ያልቀመሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያህያ ጁማ የሚባል ሸማኔ። አባቱ ከቡሬ ገበያ መጥቶ የሰፈረ፣ እሱም በግራዝማች መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ የሚያርስ፣ በጥበቡም አጥቢያውን ከካህን እስከ ሙሽራ የሚያለብስ ሰው ነበር። እስላም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ፣ ክርስቲያንም እስላም ያረደውን እንደማይነካ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ በዚያ ቀን ግን ማንም ነገሬ አላለውም። ያህያ ከዳር ቆሞ «እኔም አብሬ ነኝ» አለ፤ ሰውም «ይሁን» ብሎ ወደ ብርንዶውና ወደ ጠላው ተመለሰ።

በስምንተኛው ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ብር ወንዝ መሻገሪያ ላይ አድብተው በጠበቋቸው ወታደሮች ተይዘው፣ የአገሩ አዛውንቶች እስከ ዛሬ ውጀት እያሉ ወደሚጠሩት ወደ ፍኖተ ሰላም ተወሰዱ። ምስጢሩን ያወጣ ሰው እንዳለ ግልጽ ሆነ፤ ባሥረኛውም ቀን አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲጠራ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሸንጎው ከሚቀመጥበት ዋንዛ ሥር ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም።

መጀመሪያ የተናገረው የግራዝማች አማች ታከለ ነው፤ ልጃቸውን ንግሥቴን ያገባ፣ አንደበተ ርቱዕ ጎልማሳ።

«ግራዝማች፣ ይህ ምን ይመረመራል? የመሐላውን ሥጋ ያልበላ አንድ ሰው ነው። ርስት የሌለው ሰው ስለ ርስት ምን ይገደዋል? እስላም ነው፤ የኛ ነገር የሱ ነገር አይደለም።»

ሸንጎው አጉረመረመ። የከዳ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ከአገር ይውጣ የሚል ፍርድ ቀድሞ ተቆርጦ ነበርና፣ ሁለት ሰዎች እሳት ሊጭሩ ተነሡ።

ያህያ እንዲናገር ተፈቀደለት።

«ግብሩ የኔንም ደጅ ያንኳኳል፤ እኔም አራሽ ነኝ። ሽማግሎቹ ለብሰውት የሄዱትን ጋቢ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ የሸመንኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፤ ጌቶቼ።»

 ግራዝማች ያህያን ይወዱታል ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ጢሰኛቸው ነው፣ በቃ። ያሳፈራቸው የራሳቸው በሬ ነበር። ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሊበላው በማይችለው ነገር ቃል ኪዳን አሰርኩና፣ አልበላህም ብዬ ልፈርድበት ተቀመጥኩ። በሬውን ስመርጥ ይህን ሰው ረሳሁት፤ ከመካከላችን ሰው ረስተን የምንጠብቀው የምን አገር ነው? እንደገና እንማማል፤ ሁላችን በምንበላው።»

«ጾም እኮ ነው፣ ግራዝማች» አሉ የደብሩ መሪጌታ ክንፈሚካኤል። «ሥጋም ቅቤም የለም።»

«እንግዲያው በሽምብራ ይሁን።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀመስም።»

«እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ለዋንዛው የሚቀርበው ቤት የያህያ ነበርና፣ ሚስቱ ናዚፋ የቆላችውን ሽምብራ በሰፌድ ይዛ መጣች፤ «ልታቃጥሉት የነበረው ቤት ነው የሰጣችሁ» ያለ ግን አልነበረም። መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ቃሉን አስጠኑ፤ ያህያ በቁርአን እንዲምል ተስማሙ፤ የእርግማኑ ቃል ግን ለሁሉም አንድ ሆነ፤ «ከዛሬ በፊት ምስጢር አውጥቼ እንደሆነ፣ ከዛሬም በኋላ ባወጣ፣ የዘራሁት አይብቀል፤ የወለድኩት አይደግ።»

ግራዝማች ማሉና ቃሙ። ያህያ ማለና ቃመ። ሰፌዱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ታከለ ዘንድ ደረሰ። በቅበላው ዕለት ከሥጋው ደጋግሞ የቆረጠ ሰው ነው፤ አሁን ሽምብራውን አየና እጁን ሳይዘረጋ ቀረ። ንግሥቴ የበኩር ልጁን ከወለደችለት ገና ሃያ ቀኗ ነበር።

«የመንግሥት ሰዎች አጥቢያ ዳኛ እናደርግሃለን ብለውኝ ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

የግራዝማች ልብ ተሰበረ። ሆኖም ቃላቸውን አላጠፉም።

«ፍርዱ ያው ነው» አሉ።

በሐሰት የተከሰሰ ሰው ካሣውን ሳይጠይቅ ሸንጎ አይበተንምና፣ ያህያ ምን እንደሚሻ ተጠየቀ።

«እሳቱ ይጥፋልኝ» አለ። «ጠዋት በኔ ቤት ልጆች ነበሩ፤ በታከለም ቤት አራስ አለች።»

የታከለ ቤት ሳይቃጠል ቀረ። ታከለ በዚያው ዕለት ብቻውን ዓባይን ሊሻገር ወጣ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም። በማግስቱ በታሰሩት ምትክ ሌሎች ሁለት መልእክተኞች ተላኩ፤ አንዱ ያህያ ጁማ ነበር።

የዚያ ዓመት የጎጃም ዐመፅ በመዝገብ ሰፍሯል፤ የተላከው ጦር፣ በሰማይ የዞረው አውሮፕላን፣ ኋላም የተሰረዘው ግብር። ስለ ዋንዛ ሚካኤል የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ክርስቲያኑ ባላገር በሬ አርዶ ተማማለ» ይላል። ስለ ሽምብራው የተባለ ነገር የለም።

በአጥቢያው ግን ከዚያ ወዲህ መሐላ ሲኖር በሰፌድ ሽምብራ ይዞራል። ወጣቶቹ ምክንያቱን ሲጠየቁ አባቶቻችን ድሆች ስለ ነበሩ በሬ የሚያርዱበት አቅም አጥተው ነው ይላሉ። ካረጀች በኋላ ከሸንጎው ጥግ የምትቀመጠው ንግሥቴ ይህን ስትሰማ አታርማቸውም፤ ሰፌዱ ሲደርሳት እጇን ትዘረጋለች።