«ሆዮ፣ ግባ»

እናታችሁን በገዛ ድምፃችሁ አስጠብቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አስጠብቄያለሁ። የምነግራችሁ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የሚል ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ይምጣ፣ በሩን እከፍትለታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ድሬ ከሙቀቱ ሸሽታ በሯን ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት።

እናቴ ላዳን ነገር መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ሁለቴ ወጥታ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ተቀምጣ አገኘናት። ጎርፍ ቢመጣስ?

ስለዚህ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ አንድ ዕቃ ገዛሁ። በር ላይ ይለጠፋል፤ በሩ ሲከፈት ይናገራል። ሻጩ ሰማታር ድምፄን እዚያው ቀዳልኝ።

«ሆዮ፣ ግቢ። በሩን ዝጊ።»

ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። እናትም ልጇን መልሳ ሆዮ ትለዋለች። ማን ማንን እንደጠራ ከቃሉ አይታወቅም።

ዕቃው ሠራ። ድምፄን ስትሰማ ትመለሳለች።

ጎረቤታችን ኢፍራህ ግን አልለቀቀችኝም።

«ወሪያ መምህር፣ ድምፅህን ለእናትህ ትተህ አንተ የት ነው የምትውለው?»

ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሰድቤያት ገባሁ።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሩ ሳይከፈት ያወራል... እሷም ትመልስለታለች» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባትሪውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። በሩን ከውጭ ቆለፍኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ቁልፉን አዞርኩ...

«ሆዮ፣ ግባ።»

ድምፁ የእኔ ነው።

«ግቢ» አላለም... ግባ።

ኪሴን ዳሰስኩ። ባትሪው አለ።

እናቴ የእኔ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ... ልጄን ትቀሰቅሰዋለህ።»

«ሆዮ... ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ።»

«አንተማ ሁሌ ትወጣለህ» አለች በሹክሹክታ። «እሱ አይወጣም።»

አልጋው ላይ አንሶላው የአንድ ሰው ያህል ተነፍቷል። እጇ በላዩ ላይ ይመላለሳል።

አንሶላው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።

ሰማታር፣ «አስተማማኝ ነው» ብለህ የሸጥክልኝ አንተ ነህ። እዚሁ ቻናል ላይ፣ ሰው ሁሉ እያነበበ መልስልኝ።

«ግባ» ብሎ የቀዳው ማን ነው?

በቆለፍኩት በር የገባውስ?