የወልደ ማርያም ጠርሙስ

የመቱው አቶ ወልደ ማርያም በገዛ እልፍኙ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ ሕዝቡ አውጫጭ ተቀምጧል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። መርማሪው ባላምባራስ ሙሉብርሃን አንጀቱ አሯል። ዝናቡ አያባራም፣ የተጠየቀው ሁሉ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፤ ይባስ ብሎ የጎሬው ሹም የሟቹን ሚስት ጥሩአየሁን ነገ በሰንሰለት አስረህ ላክ ብሎታል።

«ቤቱን የተናዘዘው ለእሷ ነው። ሌላ ማን ይገድለዋል?» ይላል የሟቹ ወንድም ገብረ ሥላሴ፣ ማጭድ ቆረጠኝ ብሎ በጨርቅ የጠቀለለውን እጁን እያወዛወዘ፣ ላገኘው ሁሉ።

ባላምባራስ እየተነጫነጨ እንደገና ወደ እልፍኙ ገባ። መስኮቱ ላይ ሟቹ እንደ ልጅ የሚሳሳለት ነገር ቆሟል፤ በሰም የታሸገ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ውስጡ ከሶር ወንዝ ድንጋይ የተላጠ፣ አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ለምለም የድንጋይ ሽበት። ንዴት ቢይዘው ሰሙን ፍቆ ከፈተው። ግማቱ አፍንጫውን መታው።

«ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ይገማል?»

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ጥሩአየሁ ደነገጠች። «ኧረ ጌታዬ! ሲከፍተው ዝናብ የመታው ጫካ ነበር የሚሸተው። ውሃው እንዳይገማ ከሥሩ ከሰል አለው እኮ። ከሰሉን ጎረቤታችን እትዬ አስካለማርያም ይሰጡኛል፣ የምወቅጠው እኔ ነኝ።»

«ሌላ ጠርሙስ ነበረው?»

«ከግሪኩ ነጋዴ ሁለት ገዝቶ ነበር። ባዶውን ከሣጥኑ አጣሁት።»

ባላምባራስ ሕዝቡን ከኦዳው ዛፍ ሥር ሰበሰበና፣ ሟቹ በተገደለበት ቀን ቤቱ የገቡትን ሦስቱን፣ ጥሩአየሁን፣ እትዬ አስካለማርያምንና ገብረ ሥላሴን፣ ገበቴ ይዘው እንዲቀመጡ አደረገ። ፊታቸው ጠጠር፣ ከሰል፣ ጥቁር ጭቃ፣ የጫካ አፈርና ሽበት ተቀመጠ።

«የሟቹን ጠርሙስ እንደምታውቁት አድርጋችሁ ሥሩ።»

«እኛ በዝናብ እንበሰብሳለን፣ እሱ ያስጫውታል!» ብሎ ሕዝቡ አጉረመረመ።

ሴቶቹ በጠጠሩ ላይ ከሰል፣ ከዚያ አፈርና ሽበት ደረደሩ። ገብረ ሥላሴ ከሰሉን ዘሎ ጭቃውን አነሳ።

«በቃ!» አለ ባላምባራስ። «ሟቹ የተመታው በጠርሙሱ ነው፤ ጠርሙሱም ተሰበረ። ገዳዩ ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይታይበት ስብርባሪውን ለቀመና በባዶው ጠርሙስ ሌላ ሠራ። ከውጭ ሲያዩት ከሰሉ ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ሴቶቹ ምንነቱን ያውቃሉ፤ ጭቃ የመሰለው ላንተ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው የገማውም ከሥሩ በከሰል ፈንታ ጭቃ ስላለው ነው። እስቲ ማጭድ ቆረጠኝ ያልከውን እጅህን ፍታ።»

ጨርቁ ሲፈታ መዳፉ በጠርሙስ ስባሪ ተተልትሏል። ገብረ ሥላሴ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለ።

«የአባታችንን ቤት ለባዕድ አትስጥ ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ስለምነው፣ ዓይኑን ከጠርሙሱ አልነቀለም» አለ። «አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።»

ጥሩአየሁ የሠራችውን ገበቴ ገፋ አደረገችው።

«እኔንም አያየኝም ነበር» አለች።