ደም ያልነካት ክር

ንጉሤ ለሳን ሆዜ ፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲህ የሚል ነበር፤ «የአጎቴ ልጅ ደምመላሽ ሰርጉ መፍረሱን ሊነግረው የልጄን እጮኛ ባስልኤልን ጠራው። በሩን ገፍቼ ስገባ ልጁ መዶሻውን ይዞ በላዩ ቆሟል። ደምመላሽ ፊት የሚባል ነገር አልቀረውም። ካላመናችሁ ደምመላሽ ግድግዳው ላይ በክር የሠራውን የዘር ሐረግ እዩ፤ ከእኔ ወደ ልጄ ወደ ሐሴት የወረደችው ክር ምስክር ናት።»

የባስልኤል ቃል ደግሞ ይኸው፤ «ጋሽ ደምመላሽ ‹የምሥራች አለኝ፣ ና› ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። መዶሻው አፉ ውስጥ ተሰክቶ ስለነበር ነቀልኩት። ያኔ ጋሽ ንጉሤ ከኋላዬ መጥቶ አነቀኝ።»

ሁለቱም በደም ርሰው፣ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር የተናገሩት። ፖሊስ መዶሻ የያዘውን አሰረ።

ለተከላካይ ጠበቆች የምትሠራው መርማሪ ፅጌረዳ ሁለቱን ቃል ደጋግማ አነበበች። አንዱ ሟቹን ሰርግ አፍራሽ፣ ሌላው የምሥራች ነጋሪ ያደርገዋል። «ሟቹ ምን ሊል እንደነበር ካወቅሁ ገዳዩን አወቅሁ» አለች ለራሷ።

መጀመሪያ ወደ እስር ቤት ሄደች። ባስልኤል ከንፈሩ ተሰፍቶ፣ አንዱ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«ማን ነው የመታህ?»

«እዚህ ያለው ሁሉ» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ ስፌቱ አመመው። «ሽማግሌ ገዳይ ይሉኛል።»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ አጠገብ ካምቤል ከተማ፣ ከሐሴት ጋር የሰርግ አዳራሽ እያየን። ጋሼ ጠዋት ደውሎ ‹ስትጨርሱ ብቅ በል› ብሎኝ ነበር። ልንወጣ ስንል ሐሴት ስልክ ተደወለላት፤ ውጭ ወጥታ አወራች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ‹ማሚ ናት፣ ሰርጉ ስትረስ አድርጓት ነው› አለችኝ። እሷን እዚያው ትቼ ወደ ጋሼ ነዳሁ።»

«ጋሽ ደምመላሽ ሰርጉን ከልክሎ የለም እንዴ?»

«ባለፈው ሳምንት ከልክሎ ነበር፤ በዚያ በስዊዙ ሰውዬ ምክንያት። ታዲያ የምሥራቹ ምን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ እህቴ? ሳይነግረኝ ገደሉት!»

የስዊዙን ሰውዬ ታሪክ የነገራት የካምቤሉ ሽማግሌ ዋልተር ዙርፍሉ ነው። ሟቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ተገናኙ፤ ወለሉ ታጥቧል፣ ግድግዳውን ግን ፖሊስ እንዳለ ትቶታል። ዋልተር ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚያወራው። ሁለት ወንድማማቾች ከስዊዝ ተራራማ መንደር ተሰደዱ። አንዱ፣ የዋልተር ቅድመ አያት፣ ላም ሊያልብ ካሊፎርኒያ መጣ። ሌላው ያዕቆብ ዙርፍሉ ጠመንጃ ሊጠግን ኢትዮጵያ ገብቶ በዚያው ወልዶ ከብዶ ቀረ። ደምመላሽ የተገደለበት መዶሻም የእሱ ነበር፤ ከልጅ ልጅ ሲወርድ ሳን ሆዜ ደረሰ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዙርፍሉ የሚባል ኢትዮጵያዊ ፈለግሁ» አለ ዋልተር በእንግሊዝኛ። «ደምመላሽ ሳቀብኝ። ‹በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የአንተ ዙርፍሉ የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው የሞተው› አለኝ። ስለዚህ ስሙን ትተን ሰው መቁጠር ጀመርን።»

ቆጠራው ግድግዳው ላይ ነበር፤ በአማርኛ ብቻ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተወጠረ ነጭ የጥጥ ክር። ደምመላሽና ንጉሤ ከያዕቆብ ወንድ ልጅ መውረዳቸው ድሮም የታወቀ ነው። ያልታወቀው የሴት ልጁ ዘር ነበር። የምራቅ የዘር ምርመራ ባስልኤልን ከዋልተር ጋር ሲያዛምድ ግን የእሷ ተወላጅ እሱ ሆኖ ተገኘ። ሙሽሮቹ አራተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ደግሞ ጋብቻ የለም።

«ዓርብ ዕለት ከጋሽ ደምመላሽ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«እሱ ነው የጮኸብኝ። ‹ስምህ ቤቴን አፈረሰው› አለኝ።» ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ አየ። «እኔ እኮ ዘመድ ነበር የፈለግሁት።»

ፅጌረዳ የእጅ ባትሪዋን አበራች። ደሙ እስከ ጣሪያው ተረጭቷል። ካርዶቹ ነጠብጣብ፣ ክሮቹ ዝገት መስለዋል። አንዷ ክር ብቻ፣ ከንጉሤ ወደ ሐሴት የምትወርደው፣ እንዳለች ነጭ ናት። ሌሎቹ በድርብ ቋጠሮ ሲታሰሩ እሷ ካርዱ በተሰካበት መርፌ ላይ በጥድፊያ ተጠምጥማለች። ፅጌረዳ ምንም ሳትናገር ባትሪዋን አጠፋች።

የንጉሤ ሚስት መንበረ ኦክላንድ ቤቷ ውስጥ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ተቀበለቻት።

«እሑድ የት ዋሉ እትዬ መንበረ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የሰንበቴ ተራዬ ነበር። ስልኬን እንኳ ቤት ረስቼ ነው የዋልኩት።»

«ጋሽ ደምመላሽን ያገኟቸው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። ስለ ልጆቹ ልለምነው ሄጄ ነበር።»

«እሺ አሉ?»

መንበረ ፊቷን አዞረች። ነጠላው ሸርተት ሲል አንገቷ ላይ ጠቁሮ ያበጠ ሰንበር ታየ።

«ምን ሆነው ነው?»

«በር መታኝ።»

«በር ጣት የለውም እትዬ።»

ሐሴት እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የቃል ኪዳን ቀለበቷን ታዞራለች። ፅጌረዳ ወደ እሷ ዞረች። «ካምቤል እያላችሁ ማን ነው የደወለልሽ?»

«ማሚ» አለች ቶሎ ብላ። መንበረ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

በሳምንቱ ፅጌረዳ ከታሰረው ከባስልኤል በቀር ሁሉንም ደምመላሽ ሳሎን ሰበሰበች። ባስልኤልን ያሰረው ሳጅን ገዛኸኝ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ይሄ ምን የሚሉት ቲያትር ነው?» አለ ንጉሤ። «ገዳዩ ታስሯል፤ ምን ቀረ?»

«ክሯ ቀረች ጋሽ ንጉሤ። ምስክር ብለው የጠሯት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ጠየቅኋት።» ግድግዳው አጠገብ ቆመች። «ክሮቹ ሁሉ ደም አላቸው። ደሙን ስለከለሉት በየሥራቸው ቀጭን ንጹሕ መስመር አለ። የዚህች ሥር ግን ነጠብጣቡ ሳይቋረጥ ነው የሚያልፈው። ደሙ ሲረጭ እዚህ አልነበረችም ማለት ነው። ደምመላሽ አውርዷት ነበር፤ ገዳዩ ከገደለ በኋላ መልሶ ሰቀላት።»

«ለምን ያወርዳታል?» አለ ገዛኸኝ።

«የምሥራቹ እሷ ናታ! ሰርጉን የምትከለክለው ይቺ አንድ ክር ናት። ሐሴት ከጋሽ ንጉሤ ካልተወለደች ቆጠራው ይፈርሳል፤ ሰርጉ ይሆናል። ይህን ለደምመላሽ ሊነግረው የሚችል ሰው ደግሞ አንድ ነው።»

መንበረ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገፈፈች። «እኔ ነኝ» አለች። «ቅዳሜ ነገርኩት። እሑድ ማታ ንጉሤ አንቆኝ ‹ትንፍሽ ብትይ እንደሱ አደርግሻለሁ› አለኝ። ልጄን ላድን ብዬ ሰው አስገደልኩ።»

«እንግዲህ ክሯን ማን ይመልሳል?» ቀጠለች ፅጌረዳ። «ባስልኤል ሰርጉን የምታፈርስበትን ክር አይሰቅልም። እትዬ መንበረ ራሳቸው ናቸው ያስወረዷት። ሚስተር ዋልተር ካርዶቹን ማንበብ አይችሉም። ይቺ ክር ሁሉንም ትጎዳለች፤ የምትጠቅመው አንድ ሰው ነው። ቀድመው መጡ ጋሽ ንጉሤ፤ ባዶውን ቦታ አዩ፣ ‹የት ሄደች?› አሉ። ደምመላሽ መዋሸት አይችልም። ገድለውት ክሯን ሰቀሉ፤ ባስልኤል እስኪመጣም ተደብቀው ጠበቁ።»

ንጉሤ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ማንም ሳይደርስበት መንበረን በጸጉሯ ይዞ ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ፤ የቅንድቧ ደም ሐሴት ቀሚስ ላይ ተረጨ። ገዛኸኝ ግድግዳው ላይ አጣብቆት ክንዱን ሲጠመዝዘው ክሮቹ ተበጣጠሱ፤ ካርዶቹ ረገፉ።

«ፅጌረዳ፣ ሚስቱን ስለ መምታቱ አስረዋለሁ» አለ ሳጅኑ እያለከለከ። «ለግድያው ግን ክር ብቻውን ዳኛ ፊት አይቆምም። ጠበቃ ይቦጫጭቀዋል። እሷም የምትጠላው ሚስቱ ናት ይላሉ።»

ፅጌረዳ ወደ ሐሴት ዞረች። «እናትሽ ያን ቀን ስልክ አልያዙም። ማን ነው የደወለው?»

ንጉሤ ጉንጩ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ተጣራ። «ሐሴትዬ! አንቺ የኔ ነሽ። ንገሪያቸው፣ የኔ ነሽ በያቸው!»

 ሐሴት የእናቷን ቅንድብ በመዳፏ ደግፋ እንደያዘች ወደ ፅጌረዳ ቀና አለች።

«ያን ቀንም እንደዚሁ ነው ያለኝ» አለች። «‹ደምመላሽ ከእንግዲህ አይናገርም፤ የኔ ነሽ› ብሎ አለቀሰ። ባስልኤል ያኔ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ገና ከካምቤል አልወጣም። አይ ኒው፣ አባዬ። አውቄ ዝም አልኩ፤ አንተን ላለማጣት።»

«ሐሴትዬ...»

«ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። ስሜ ሐሴት ንጉሤ ነው፤ አልቀይረውም» አለች። «በዚሁ ስም ዳኛ ፊት ቆሜ እመሰክርብሃለሁ።»