ወለላ እና የዞረው ከበሮ

ልጆች፣ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ! ከበሮ ሊመታ ነው።

ወለላ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ስትገባ ዓይኗ የሚያርፈው የልጆቹ ከበሮ ላይ ነው።

ከበሮው ሁለት ፊት አለው። ትልቁ ፊት «ድም!» ይላል። ትንሹ ፊት «ታ!» ይላል።

የመድኃኔዓለም ንግሥ ደረሰ። «ለመዝሙራችን ከበሮ የሚመታልን ማነው?» አለች አስተማሪያቸው እኅት ሰብለ።

«እኔ! እኔ! እኔ!» ወለላ ዘለለች።

እኅት ሰብለ ከበሮውን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላት። ትልቁ ፊት በቀኝ፣ ትንሹ ፊት በግራ ሆነ።

«ድም... ታታ... ድድ... ታ!»

ኧረ ጉድ! መዝሙሩ ተደነባበረ። አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ዝም አለ።

«በቀኝሽ፣ ወለላ! በቀኝሽ!» ብለው ጮኹ ልጆቹ።

ወለላ በቀኟ መታች። «ድ... ታታ... ድድ!» ባሰበት!

«የኔ ቆንጆ፣ እስከ ቅዳሜ ካልሆነልሽ ጓደኛሽ ናሆም ይመታዋል፤ እሺ?» አለች እኅት ሰብለ።

ወለላ እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ከበሮውን በጣም፣ በጣም ትወደዋለች።

ትልቅ ጀሪካን አመጣች። ትንሽ ጀሪካንም አመጣች። በመካከላቸው ቁጭ አለች።

«ድም! ታ! ድም ድም ታ!»

ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል ብድግ ብሎ ማሸብሸብ ጀመረ።

«ቆይ ቆይ! እዚህ እየቻልኩ እዚያ ለምን ያቅተኛል?» አለች ወለላ።

ጀሪካኖቹን አየች። እጆቿን አየች። ትልቁ ጀሪካን በግራዋ በኩል ነው!

ለካ ወለላ ግራኝ ናት! የምትበላው በቀኟ ነው፤ ኳስ የምትወረውረው ግን በግራዋ ነው።

ቅዳሜ መጣ። ልቧ ድው ድው አለ። «እኅት ሰብለ፣ ከበሮውን ባዞረውስ?»

«ከበሮ ይዞራል እንዴ?» ናሆም ሳቀ።

እኅት ሰብለ ትንሽ አሰበች። «እኔስ እንዴት አላሰብኩትም? አዙሪው!» አለች።

ወለላ አዞረችው። ትልቁ ፊት በግራ፣ ትንሹ ፊት በቀኝ ሆነ።

«ድም! ታ! ድም ድም ታ!»

«በግራሽ፣ ወለላ! በግራሽ!» ልጆቹ ጮኹ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ናሆም ነበር።

የንግሡ ቀን ታቦቱ ወጣ። ግቢው ነጭ በነጭ ሆነ። ልጆቹ ዘመሩ፤ ከፊታቸው ወለላ አለች።

«ድም! ታ! ድም ድም ታ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቶች «እልልልልል!» አሉ። የወለላም እናት «እልልልልል!» አለች።

አባ ኪሮስ በመስቀላቸው ባረኳት። «እደጊ ልጄ! እጆችሽ ይባረኩ!»

«አሜን!» አለች ወለላ። ደስታዋ ሊያበርራት ደረሰ።

ማታ እናቷ ብርድ ልብስ አለበሰቻትና ግንባሯን ሳመቻት።

ኪሩቤል አጠገቧ ጋደም ብሏል። «ወለላዬ፣ እኔ ሳድግ ከበሮ የምመታው በቀኜ ነው በግራዬ?» አላት።

ወለላ እቅፍ አደረገችው። «በሚቀናህ!» አለችው።

ኪሩቤል ቀኝ እጁን አየ። ግራ እጁን አየ። ከዚያ ሁለቱንም ጉንጩ ሥር አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው።