በራሴ ልክ የሰፋሁት ኮት

ይህ ተረት አይደለም። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው... የማያምን አይመን፣ አልጣላውም።

የምጽፍበትን ስልክ ያዋሰችኝ አሁን ያለሁበት ቤት ሠራተኛ ናት። ቶሎ መመለስ ስላለብኝ አሳጥሬ ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። መንደራችን የገበሬ መንደር ነው፤ መሬት ከሌለህ ከሰው አትቆጠርም። ሱሪያቸውን የምጠግንላቸው ሰዎች እንኳ ስሜን ትተው "መርፌው" ነው የሚሉኝ።

የምንኖረው ከኮረብታው ሥር፣ በባለመሬቱ ይዞታ ላይ በተሠራች አንዲት ክፍል ነው። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። ልጃችን በሰው መሬት ላይ እንዳይወለድ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

አንድ ቀን ባለመሬቱ ጠሩኝ።

"ለልጄ ኮት ስፋለት። ካማረልኝ ቤትህ ያረፈበት መሬት ያንተ ነው" አሉኝ።

ልጃቸው ከታመመ ከርሟል ይባላል። ያየው ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ኮረብታውን ወጣሁ። እዚያ ቤት ሁልጊዜ በጓሮ ገብቼ ደጅ ነበር የምሰፋው። ውኃ ስጠይቅም ለእኔ በተለየች ጣሳ ነው። ያን ቀን ግን እመቤቲቱ ራሳቸው የፊት ለፊቱን በር ከፈቱልኝ።

"ግባ የኔ ልጅ።"

ሳሎን አስቀመጡኝ። በቤቱ ብርጭቆ ውኃ ሰጡኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ... ምነው ባለቤቴ ባየችኝ አልኩ በልቤ።

"ልጁን ልለካው፣ እመቤቴ?"

"ተኝቷል። በራስህ ልክ ስፋው። ቁመታችሁ አንድ ነው።"

የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነበር። አልጋው ይታየኛል።

በደንብ ተነጥፏል... ማንም አልተኛበትም።

የሀብታም ቤት ጣጣ ምን አገባኝ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ቁልፍ ስተክል፣ ሠራተኛዋ ወለል የምትጠርግ መስላ ተጠጋችኝ። ከባለቤቴ ጋር አብረው ነው ያደጉት።

"እንዳትለብሰው" አለች በሹክሹክታ።

"ምን?"

"እንዳትለብሰው... ወንድሜ።"

እመቤቲቱ ብቅ አሉ። ሠራተኛዋ ወለሉን ወደ መጥረግ ተመለሰች።

"እስቲ ልበሰውና ልየው" አሉኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰፋሁትን ለክቼ ካላየሁ እጄን አላምነውም። ደግሞ መሬቱ አለ... ለበስኩት። ልክክ አለ።

ባለመሬቱ ከጓዳ ወጡና ግንባሬን ሳሙኝ።

"ተሻለህ ልጄ?"

ሊቀልዱ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ቁልፉን ልፈታ ሞከርኩ... አልፈታ አለኝ። መቀሴን አነሳሁ። ጠዋት ይህንኑ ጨርቅ እንደ ቅቤ የቆረጠ መቀስ ክር እንኳ አልበጠሰም።

"አውልቁልኝ... እባካችሁ!"

"ለምን? ያምርብሃል" አሉ እመቤቲቱ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ወደ በሩ ሮጥኩ። ባለመሬቱ ቀድመውኝ ቆለፉት።

"ገና አላገገምክም። ነፋስ ይመታሃል።"

ወደ ሠራተኛዋ ዞርኩ። "አንቺ እንኳ ንገሪያቸው!"

አንገቷን ደፋች።

"ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እመቤቲቱ ገርበብ አድርገው ከፈቱት፤ ባለመሬቱ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

ባለቤቴ ናት! ሆዷን ደግፋ፣ መሬት መሬቱን እያየች ቆማለች።

"እመቤቴ... ባሌ ጨርሶ ይሆን?"

"እኔ ነኝ! እዚህ ነኝ! ቀና በይ!" ብዬ ጮህኩ።

ቀና አለች።

ዓይን ለዓይን ተያየን... ትኩር ብላ አየችኝ።

"እግዜር ይማርዎት፣ ጌታዬ" አለችኝ።

"ባልሽ ቅድም ሄዷል" አሏት እመቤቲቱ፣ በሩን እየዘጉ።

ባለመሬቱ ክንዴን ሲለቁኝ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቁልቁል ስትወርድ አየኋት። እጄ እስኪደማ መስታወቱን መታሁ። አልዞረችም።

ቤታችን ውስጥ ከሁለታችን በቀር የሚኖር የለም። ግን ደጃፉ ሳትደርስ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

አንድ ሰው ወጣ። ቁመቱ ልክ የእኔን ያህላል።

ወገቧን ደግፎ አስገባት።

ከዚያ ብቻውን ተመልሶ ወጣ... ወደ ኮረብታው፣ ወደ እኔ መስኮት ዞረ... አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሳኝ።